ሲዋሐድ የሚሰፋው አድማስ፦ አንድ የስበት ሞገድ ጂኦሜትሪን ከሙቀት ሕግ ጋር እንዴት አገናኘ

ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ላይ፣ አሜሪካ ውስጥ ሃንፎርድና ሊቪንግስተን በተባሉ ሁለት ቦታዎች የተተከሉት የላይጎ መሣሪያዎች እስከዚያ ቀን ከመዘገቡት ሁሉ ጥርት ያለውን የስበት ሞገድ፣ ማለትም የቦታና የጊዜ መንቀጥቀጥ ሆኖ የሚጓዝ ሞገድ፣ ያዙ። ሞገዱ ጂደብሊው250114 ተባለ። ከ1.3 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት የመጣ ነው። ምንጩ የሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ውሕደት ነው፤ የአንዱ መጠነ ቁስ ከፀሐይ 33.6 እጥፍ፣ የሌላው 32.2 እጥፍ ገደማ ነበር። ከውሕደቱ በኋላ የቀረው አንድ ጉድጓድ ግን 62.7 ፀሐይ ብቻ ይመዝናል። ሦስት ፀሐይ ያህል ጎድሏል፤ የጎደለው በስበት ሞገድነት ወጥቶ ሄዷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጠነ ቁሱ ሲጎድል አንድ ሌላ ነገር ግን ጨመረ፤ እሱም የአድማሱ የገጽ ስፋት ነው። አድማስ ማለት ብርሃንም ቢሆን አንዴ ካለፈው የማይመለስበት ወሰን ነው። ስቲቨን ሃውኪንግ በ1971 የጥቁር ጉድጓዶች ጠቅላላ የአድማስ ስፋት ምንም ቢሆን ሊቀንስ አይችልም የሚል ቲዎረም አረጋግጦ ነበር። በመስከረም 2025 የታተመው ትንታኔ ይህ ሕግ በተፈጥሮ ውስጥ መከበሩን በ99.999 በመቶ እርግጠኝነት አሳየ። በ2021 በመጀመሪያው የስበት ሞገድ ላይ ተመሳሳይ ፍተሻ ሲደረግ እርግጠኝነቱ 95 በመቶ ነበር።

ዜናው «ሃውኪንግ ትክክል ነበር» በሚል ርዕስ ዞረ። ርዕሱ ውሸት የለበትም፤ ዋናውን ቁም ነገር ግን ይሸፍናል። ያ አንድ ቁጥር እንዲገኝ የሒሳብ ሊቃውንት ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ የሠሩት ጂኦሜትሪ፣ የኮምፒውተር ስሌት፣ የኳንተም ኦፕቲክስና የቴርሞዳይናሚክስ (የሙቀት ሳይንስ) እውቀት በአንድ መስመር መሰለፍ ነበረበት። አጠቃላይ አንጻራዊነትን፣ ማለትም የአይንስታይንን የስበት ንድፈ ሐሳብ፣ ለብቻው የቆመ፣ ያለቀለት ንድፈ ሐሳብ አድርጎ የሚያስብ ሰው ይህን መስመር ቢከተለው ሐሳቡን ይቀይራል።

ስሌቱ በወረቀት የሚሠራ ነው። የማይሽከረከር ጥቁር ጉድጓድ ሬዲየሱ ለእያንዳንዱ የፀሐይ መጠነ ቁስ 2.95 ኪሎ ሜትር ነው። 33.6ን በ2.95 ስናባዛ 99.1 ኪ.ሜ. ይመጣል፤ 32.2ን ስናባዛ 95 ኪ.ሜ.። የሉል የገጽ ስፋት 4 ጊዜ ፓይ ጊዜ ሬዲየስ በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው 123 ሺህ፣ ሁለተኛው 113 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ድምሩ 237 ሺህ ነው። ሁለቱ ጉድጓዶች በዝግታ ይሽከረከሩ ስለነበር ሽክርክሪታቸውን ብንተወው ብዙ አያሳስትም።

በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ግን ሽክርክሪትን መተው ትልቅ ስህተት ነው፤ ብዙ ጀማሪዎችም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። 62.7 ፀሐይ ባይሽከረከር ኖሮ ስፋቱ 430 ሺህ ካሬ ኪ.ሜ. ይሆን ነበር። ሁለቱ ሲዞሩ የነበራቸው ዙሪት ግን ወደ አንዱ ስለገባ፣ የመጨረሻው ጉድጓድ ሊሽከረከር ከሚችለው ከፍተኛ መጠን 0.68 ያህሉን ይዟል። የሚሽከረከር ጉድጓድ አድማሱ ያንሳል። 1 ሲቀነስ 0.68 በራሱ ተባዝቶ 0.538 ነው፤ ካሬ ሩቱ 0.733። በዚህ ላይ 1 ደምረን ለ2 ስናካፍል 0.867 እናገኛለን። 430 ሺህ በ0.867 ሲባዛ 373 ሺህ ካሬ ኪ.ሜ. ይሆናል። በዜና የወጡት ክብ ቁጥሮች 240 ሺህ እና 400 ሺህ ናቸው። ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት አንድ አምስተኛ በትንሹ ከሚበልጥ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ አደገ ማለት ነው።

ስፋቱ መጠነ ቁሱ ሲጎድልም ማደግ የቻለው የመጠነ ቁሱን ካሬ ተከትሎ ስለሚሄድ ነው። የሃውኪንግ ሕግ በዚህ ውሕደት ላይ የሚጥለው ገደብም ከዚሁ ይመጣል። 33.6 በራሱ ሲባዛና 32.2 በራሱ ሲባዛ የሚገኙትን ደምረን ካሬ ሩት ብንወስድ 46.5 ይመጣል። ሽክርክሪት የሌለበት የመጨረሻ ጉድጓድ ከዚህ በታች መውረድ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ከ65.8 ፀሐይ ውስጥ በሞገድ ሊወጣ የሚችለው ቢበዛ 19.3፣ ማለትም 29 በመቶ ነው። በተግባር የወጣው 5 በመቶ ያህል ነው። ሕጉ ሰፊ ቦታ ይተዋል፤ ተፈጥሮ ያን ሁሉ አልተጠቀመችበትም።

አሁን ወደ መነሻው፣ ስበት ጂኦሜትሪ ነው ወደሚለው ሐሳብ እንመለስ። ብዙ ማብራሪያዎች የተወጠረ ላስቲክ ላይ ከባድ ኳስ ያስቀምጡና «ኅዋ እንዲህ ይጎብጣል» ይላሉ። ይህ ምሳሌ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ትንሿ ኳስ ወደ ጉድጓዱ የምትንከባለለው ከላስቲኩ በታች ሌላ የምድር ስበት ስላለ ነው፤ ስበትን በስበት ማስረዳት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጊዜን ይረሳል። ከእጃችን ያመለጠ ብርጭቆ የሚወድቀው በአብዛኛው ጊዜ ስለጎበጠ ነው፤ የኅዋው ጉብጠት በምድር አካባቢ ድርሻው እጅግ ትንሽ ነው።

የጊዜ ጉብጠት በቁጥር ይለካል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። የስበትን ፍጥነት ጭማሪ 9.8 በከፍታው አባዝተን ለብርሃን ፍጥነት ካሬ ስናካፍል 2.56 ሲካፈል ለ10 ትሪሊዮን ይመጣል። በቀን ውስጥ 86,400 ሰከንድ ስላለ፣ አዲስ አበባ ያለ ሰዓት ጅቡቲ ወደብ ዳር ካለ ተመሳሳይ ሰዓት በየቀኑ 22 ናኖሰከንድ ይቀድማል። በዓመት 8 ማይክሮሰከንድ መሆኑ ነው። የግድግዳ ሰዓት ይህን አያውቀውም። በኦፕቲካል የአቶም ሰዓት ግን 1 ሴንቲ ሜትር የከፍታ ልዩነት እንኳ የሚለይበት ደረጃ ተደርሷል፤ ለዚህ ነው የመሬት ልኬት ባለሙያዎች ሰዓትን እንደ ከፍታ መለኪያ መጠቀም የጀመሩት።

የጂፒኤስ ሳተላይቶችም በዚሁ ሕግ ውስጥ ናቸው። 20,200 ኪ.ሜ. ከፍታ ላይ ሲበሩ ከፍታው ሰዓታቸውን በቀን 45 ማይክሮሰከንድ ገደማ ያስቀድማል፤ ፍጥነታቸው ደግሞ 7 ያዘገያል። የተጣራው 38 ነው። ስለዚህ 10.23 ሜጋኸርዝ መሆን ያለበት ድግግሞሽ ከመወንጨፉ በፊት 10.22999999543 ተደርጎ ይስተካከላል። «ይህ ባይደረግ ቦታችን በቀን 11 ኪ.ሜ. ይስት ነበር» የሚለው የተለመደ አባባል ግን መታረም አለበት። 11 ኪሎ ሜትሩ ብርሃን በ38 ማይክሮሰከንድ የሚጓዘው ርቀት ነው። ስልካችን ከሦስቱ የቦታ ቁጥሮች ጋር የራሱን ሰዓት ስህተትም እንደ አራተኛ ያልታወቀ ቁጥር ስለሚፈታ፣ በሁሉም ሳተላይቶች ላይ እኩል የሆነ ስህተት እዚያ ውስጥ ይዋጣል። ቦታን በቀጥታ የሚያበላሸው ከሳተላይት ሳተላይት የሚለያየው ነው። የምሕዋሩ ክብነት በትንሹ ሲጎድል ሰዓቱ በእያንዳንዱ ዙር ከፍና ዝቅ ይላል፤ ይህ እስከ ብዙ ሜትር የሚደርስ ስህተት ስለሚያመጣ ተቀባዩ መሣሪያ ራሱ አስልቶ ያርመዋል።

ይህን ሁሉ የሚገልጸው ሒሳብ ለፊዚክስ ተብሎ የተሠራ አልነበረም። በርንሃርድ ሪማን በ1854 ጎቲንገን ውስጥ የጎበጠ ቦታን ከውጭ ሳይመለከቱ፣ በውስጡ ብቻ በሚደረግ ልኬት ማወቅ እንደሚቻል አሳየ። ሪቺና ሌቪ-ቺቪታ በ1900 ስሌቱን በቴንሰር ቋንቋ አደራጁት። አይንስታይን ይህን መሣሪያ ያገኘው ከ1912 ጀምሮ ዙሪክ ውስጥ በጓደኛው ማርሴል ግሮስማን በኩል ነው፤ የመጨረሻውን እኩልታ ያቀረበው ኅዳር 1915 ነው። ካርል ሽቫርትስሺልድ የማይሽከረከር ጥቁር ጉድጓድን የሚገልጸውን መፍትሔ በሳምንታት ውስጥ አገኘ። የሚሽከረከረው ግን ሮይ ኬር በ1963 እስኪያገኘው ድረስ 48 ዓመት ፈጀ። ከላይ የተጠቀምንበት 0.867 ከኬር መፍትሔ የመጣ ነው።

የጎደለው ሦስት ፀሐይስ? እዚህ ላይ ቀላል የሚመስል ከባድ ጥያቄ አለ። በአይንስታይን ንድፈ ሐሳብ «በዚህ ነጥብ ላይ ያለው የስበት ኢነርጂ ይህን ያህል ነው» ማለት አይቻልም። ጎቲንገን ውስጥ ዳቪድ ሂልበርትና ፌሊክስ ክላይን በዚህ ጉዳይ ተቸግረው ኤሚ ኖዘርን አማከሩ፤ በ1918 ያሳተመቻቸው ሁለት ቲዎረሞች መልሱን ሰጡ። ኢነርጂ የሚጠበቀው ሕጎቹ በጊዜ ሽግግር የማይለወጡ ሲሆን ነው። ቦታና ጊዜ ራሳቸው በሚንቀጠቀጡበት ስፍራ እንዲህ ያለ መደገፊያ የለም። የዛሬ የፊዚክስ ተማሪ ኖዘርን የሚያውቃት በቅንጣቶች ፊዚክስ በኩል ነው፤ ጥያቄው የተነሳው ግን ከስበት ነበር። መፍትሔው ከሩቅ ማየት ነው። ኸርማን ቦንዲና ባልደረቦቹ በ1962 ከምንጩ እጅግ ርቆ የሚቆም ተመልካች የሚለካው መጠነ ቁስ ሞገድ በወጣ ቁጥር እንደሚቀንስ አረጋገጡ። ሦስት ፀሐይ ጎደለ ስንል በዚህ ትርጉም ነው።

ሁለት ጉድጓዶች ሲዋሐዱ በወረቀት የሚፈታ መፍትሔ የለም። ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ ኮምፒውተሩም ለአሥርተ ዓመታት እምቢ ብሎ ነበር። ምክንያቱ ትምህርት ሰጪ ነው። የአይንስታይን እኩልታዎች አሥር ናቸው። ከነሱ አራቱ ወደፊት የሚያራምዱ አይደሉም፤ በየቅጽበቱ መሟላት ያለባቸው ቅድመ ሁኔታዎች ናቸው። በወረቀት ላይ አንዴ ከተሟሉ ለዘላለም ይሟላሉ። ኮምፒውተር ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ጥቂት ያጠጋጋል፤ ያቺ ጥቃቅን ስህተት ቅድመ ሁኔታውን ትጥሳለች፣ ጥሰቱ በፍጥነት እያደገ ስሌቱን ያፈርሰዋል። የቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች ጉድጓዶቹ አንድ ዙር ሳይጨርሱ የሚቆሙት በዚህ ነበር።

መፍቻው በንጹሕ ሒሳብ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ፈረንሳዊቷ ኢቮን ሾኬ-ብሩኣ በ1952 ልዩ የመለኪያ መስመሮችን ከመረጥን እኩልታዎቹ የሞገድ እኩልታ መልክ እንደሚይዙ፣ ዛሬ የተሰጠ ሁኔታም ነገን በአንድ መልክ ብቻ እንደሚወስን አረጋግጣለች። ፍራንስ ፕሪቶሪየስ በ2005 የዚህኑ ዘዴ ሰፋ ያለ መልክ ወሰደና አንድ ነገር ጨመረበት፤ ቅድመ ሁኔታው በተጣሰ ቁጥር ጥሰቱን እያዳከመ የሚመልስ ቃል በእኩልታው ውስጥ አስገባ። ስሌቱ ከውሕደት አልፎ እስከ መጨረሻው ሄደ። በቀጣዮቹ ወራት ሌሎች ሁለት ቡድኖች በተለየ መንገድ እዚያው ደረሱ። ዛሬ ላይጎ የሚቀበለውን ምልክት የሚያስተያይባቸው አምሳያ ሞገዶች የተገነቡት በነዚህ ስሌቶች ላይ ነው።

አሁን ልኬቱን ቀረብ ብለን እንመልከት። የላይጎ እያንዳንዱ ክንድ 4 ኪ.ሜ. ነው፤ የሚለካው የርዝመት ለውጥ ከፕሮቶን ስፋት በብዙ መቶ እጥፍ ያነሰ ነው። የጥር 6ቱ ምልክት ከጫጫታው በ80 እጥፍ ገደማ በልጦ ታየ። በ2015 የተያዘው የመጀመሪያው ሞገድ በርቀትም በመጠንም የዚህ መንታ ሊባል የሚችል ነው፤ የአዲሱ ጥራት ግን 3 እጥፍ ያህል ሆነ። ልዩነቱ የመሣሪያው ነው። ከረዱት ማሻሻያዎች አንዱ የተጨመቀ ብርሃን ይባላል። የሌዘሩ ፎቶኖች ቁጥር መዋዠቅ በከፍተኛ ድግግሞሽ አንድ ዓይነት ጫጫታ፣ በዝቅተኛ ሌላ ዓይነት ጫጫታ ይፈጥራል። ብርሃኑን 300 ሜትር ርዝመት ባለው ተጨማሪ ማጣሪያ ውስጥ በማሳለፍ እርግጠኛ አለመሆኑ በየድግግሞሹ ጉዳት ወደማያደርስበት ጎን ይገፋል። የስበትን ንድፈ ሐሳብ ለመፈተን የኳንተምን ገደብ ማታለል አስፈለገ።

ፍተሻው ምልክቱን ለሁለት ይቆርጠዋል። ከውሕደቱ በፊት ያለው ክፍል የሁለቱን መጠነ ቁስና ሽክርክሪት ይሰጣል፤ ከዚያ የመጀመሪያው ስፋት ይሰላል። ከውሕደቱ በኋላ አዲሱ ጉድጓድ እንደተመታ ደወል ይንቀጠቀጣል፤ ከድምፁ የመጨረሻው ስፋት ይሰላል። ሁለቱ ክፍሎች ተለያይተው መሰላታቸው ወሳኝ ነው። ሙሉውን ምልክት በአንድ አምሳያ ብንገጥመው አምሳያው ራሱ ከአይንስታይን እኩልታ የመጣ ስለሆነ፣ ስፋቱ እንደሚያድግ አስቀድመን ተቀብለን «አደገ» እንል ነበር።

ደወሉ ቶሎ ይሞታል። ዋናው ድምፅ 250 ኸርዝ አካባቢ ሆኖ በ4 ሚሊሰከንድ ገደማ ይከስማል። ከሱ ጋር የሚወጣው ተከታይ ድምፅ ደግሞ በሦስት እጥፍ ፍጥነት ይጠፋል። ስለዚህ ቆረጣው የት ይሁን የሚለው ከባድ ውሳኔ ነው። ቀደም ብሎ ከተቆረጠ ጉድጓዱ ገና አልረጋም፤ የደወል ቀመሩ አይሠራም። ዘግይቶ ከተቆረጠ ድምፁ በጫጫታ ተውጧል። በ2021 እርግጠኝነቱን 95 በመቶ ላይ ያቆመው የምልክቱ ድካም ነው። በዚህኛው ሁለቱም ድምፆች ተለይተው ታዩ። የኬር መፍትሔ ሁሉንም ድምፆች በሁለት ቁጥሮች፣ በመጠነ ቁስና በሽክርክሪት ብቻ ስለሚወስን፣ ሁለት ድምፅ መስማት ንድፈ ሐሳቡን ራሱን መፈተን ነው። አለፈ። አንድ መልካም አጋጣሚም አለ፤ የአጽናፈ ዓለም መለጠጥ የምንለካውን መጠነ ቁስ ሁሉ በእኩል መጠን ያሳብጠዋል፣ የሁለቱን ስፋቶች ንጽጽር ግን አይነካውም። ርቀቱን በትክክል ባናውቅ እንኳ ውጤቱ ይቆማል።

የቲዎረሙ ማረጋገጫ ራሱ ውብ ነው። አድማሱን በላዩ ላይ በሚሄዱ የብርሃን ጨረሮች እንደተሸመነ አስቡት። የሕንዱ ፊዚሲስት አማል ኩማር ራይቾውዱሪ በ1955 ያሳተመው እኩልታ እንደሚለው፣ ኢነርጂ ነጌቲቭ እስካልሆነ ድረስ አንዴ መቀራረብ የጀመሩ ጨረሮች በውሱን ጊዜ ውስጥ ይገናኛሉ። የአድማስ ጨረሮች ግን እንዲህ እንዳይገናኙ የአድማስ ትርጉሙ ራሱ ይከለክላል። ስለዚህ መቀራረብ አይችሉም፤ ስፋቱም አይቀንስም።

አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው፣ የማይቀንስ መጠን። ቴርሞዳይናሚክስ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ኢንትሮፒ (የአንድ ነገር ውስጣዊ አደረጃጀት በስንት መንገድ ሊሆን እንደሚችል የሚለካ፣ በራሱ የማይቀንስ መጠን) ትዝ ይለዋል። በ1972 ገና ተማሪ የነበረው ያዕቆብ ቤከንስታይን ስፋቱ በእርግጥም ኢንትሮፒ ነው አለ። ሃውኪንግ መጀመሪያ ተቃወመ፤ ኢንትሮፒ ያለው ነገር ሙቀት አለው፣ ሙቀት ያለው ያበራል፣ ጥቁር ጉድጓድ ደግሞ አያበራም። በ1974 የኳንተም ስሌት ሲያስገባ ግን ጉድጓዱ በእርግጥ እንደሚያበራ አገኘ። ለእኛው 62.7 ፀሐይ ሙቀቱ ከፍጹም ዜሮ በላይ የአንድ ኬልቪን ቢሊዮንኛ ያህል ነው። ኅዋን የሞላው ጥንታዊ ጨረር 2.7 ኬልቪን ስለሆነ፣ ጉድጓዱ ከሚሰጠው ይልቅ የሚቀበለው እጅግ ይበልጣል። ኢንትሮፒው ግን ከ1 ቀጥሎ 80 ዜሮ ያለው ቁጥር ደረጃ ላይ ነው። ይህ ቁጥር የምን ብዛት ነው? ስትሮሚንገርና ቫፋ በ1996 ለአንድ ልዩ የጥቁር ጉድጓድ ዓይነት ቅንጣቶችን እንደ ጥቃቅን ክሮች በሚያየው የስትሪንግ ንድፈ ሐሳብ ቆጥረው ትክክለኛውን መልስ አገኙ። ለኬር ጉድጓድ ቆጠራው ገና አልተሠራም።

ስፋቱ ወደ ሒሳብም ተመልሶ ሄዷል። ሮጀር ፔንሮዝ በ1973 ከዚሁ ሐሳብ ተነስቶ ጠቅላላው መጠነ ቁስ ከአድማሱ ስፋት ጋር የሚያያዝ ዝቅተኛ ወሰን አለው ብሎ ገመተ። ሾንና ያው በ1979 መጠነ ቁስ ነጌቲቭ ሊሆን እንደማይችል ያረጋገጡት የሳሙና አረፋን በሚመስሉ አነስተኛ ገጾች ጂኦሜትሪ ነበር። የፔንሮዝን ግምት ደግሞ ሁይስከንና ኢልማነን፣ በሌላ መንገድም ብሬይ፣ በ2001 ባሳተሟቸው ሥራዎች ለአንድ ለተወሰነ ሁኔታ አረጋገጡት። ጠቅላላው ጉዳይ ክፍት ነው። ንጹሕ የጂኦሜትሪ ጥያቄ ቢመስልም የተወለደው ከጥቁር ጉድጓድ ነው።

ቀጣዩ እርምጃ የሚወሰነው በመሣሪያዎቹ ዕጣ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለ2026 ባቀረበው የበጀት ሐሳብ ከላይጎ ሁለት መሣሪያዎች አንዱ እንዲዘጋ ተጠይቆ ነበር። እንዲህ ያለው ቁጠባ ግማሹን ወጪ ቆርጦ ግማሹን ሳይንስ የሚያስቀር ከመሰለ ስህተት ነው። ሁለቱ በ3,000 ኪ.ሜ. ርቀት የተተከሉት የአንዱ አካባቢ የመሬት ንቅናቄ ወይም የጭነት መኪና ሁለቱንም በ10 ሚሊሰከንድ ልዩነት ውስጥ ሊያናውጥ ስለማይችል ነው፤ ሞገዱን ከሁካታ የሚለየው ያ ነው። በአንድ መሣሪያ ብቻ የጥር 6ቱ ምልክት ከ80 ወደ 56 ገደማ ይወርድ ነበር። ከዚያ ውስጥ የደወሉ ድርሻ ጥቂት ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ ያ ተከታይ ድምፅ ደግሞ ዋናው ከስሞ ሳያልቅ ቀድሞ የሚጠፋው ነው።